ሐኪም ያዘዘው አረቄ

ባሌ አረቄ ይጠጣ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ "እና ያኔ የማይጠጣ ማን ነበር?" ይለኛል። እውነት ነው፤ በጃንሆይ ዘመን ቢቸና ላይ የማይጠጣ ወንድ ፈልጊ ብባል ደክሞኝ እመለስ ነበር። የእሱ ግን ሌላ ነበር። ሌላው ሰው ማኅበር ሲደርሰው፣ ሠርግ ሲጠራ፣ ገበያ ሲውል ይጠጣል፤ ማታም እያንጎራጎረ ቤቱ ይገባል። የኔው ሰው አንጎራጉሮ አያውቅም። ሰክሮ ያየው ሰው የለም፤ ሳይጠጣ ያየውም ሰው የለም። ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተዋል። እኔ እቆልፍለታለሁ። እሱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጣራ ጣራውን ያያል። ከዚያ ሁለተኛዋን ይደግምና ኮቱን ደርቦ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል።

አስተማሪ ነበር፤ ሒሳብ ነው የሚያስተምረው። ደግ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጠጪ ሚስት ሁሉ ስትደበደብ የምታድር የሚመስላቸው ሰዎች ስላሉ ነው። አንድ ቀን እጁን አላነሣብኝም፤ ክፉ ቃልም ከአፉ አልወጣም። ይልቅ ምላሴ የሚያቃጥለው እኔ ነበርሁ። "አንተ ሰውዬ፣ እኔን ነው ያገባኸው ወይስ ጠርሙሱን?" ስለው፣ "እሱ ቀድሞሽ የገባ ነው፤ ጣውንትሽ ነው፣ ቻይው" ይለኝና ያስቀኛል። ሳቄ ሳያልቅ ደግሞ እናደዳለሁ።

እናቱ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። እማማ ነው የምላቸው። ባላቸውን የቀበረባቸው አረቄ ስለሆነ ሽታው ከሸተታቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው "እንትፍ! እንትፍ!" ይላሉ። አንዴ የልጃቸውን ጠርሙስ አጥር ሥር ወስደው በድንጋይ ሲፈጩት፣ ጎረቤት እባብ የሚገድሉ መስሎት ዱላ ይዞ እየሮጠ መጣ። "እባብ ነው እማማ?" ቢላቸው "ከእባብ ይብሳል" አሉት። እንዲህ ያሉ ሴት ነበሩ። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁን ስትሰሙ ይህን አትርሱብኝ።

ከተጋባን ወዲህ ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶብኝ ነበር። ሦስተኛው ጠናልኝ። የቅበላ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ጾም ሳይገባ ልጠጣ ልብላ እያለ በሚራወጥበት ጊዜ፣ ባሌ ከገበያ ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለና "ይህን ልጅ በዚህ እጄ አልታቀፈውም። ልገዘት ነው" አለኝ። ማንም አላስገደደውም። እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝ። ደስታዬ! መንገዱ ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ግዝት ቀልድ አይደለም። የነፍስ አባት መስቀላቸውን ይዘው በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን አንድን ነገር ከከለከሉህ፣ ያን ነገር ከነካህ ውግዝ ነህ። ሥጋ ወደሙ የለህም፣ ብትሞት ፍትሐት የለህም። በእኛ አገር ሰው የመሬት ክርክር ይተዋል እንጂ ግዝት አያፈርስም። ስለዚህ በማግሥቱ እማማ ሽማግሌዎች ሰበሰቡ፣ የነፍስ አባታችን መጡ፣ ባሌም ተንበረከከ። "አረቄ፣ ጠላ፣ ጠጅ በአፍህ እንዳይገባ ገዝቼሃለሁ" አሉት። "አሜን" አለ። እማማ መሬቱን ሳሙ። እኔም እሰይ፣ ከእንግዲህ እኔም እንደ ሰው ልኖር ነው ብዬ ለእንግዶቹ ያለኝን ሁሉ አቀረብሁ።

የዚያኑ ዕለት ማታ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያው የጠዋቱ ነው፣ ይለምዳል ብለን ዝም አልን። በማግሥቱ ላብ በላብ ሆነ፤ ያቀመስነውን ሁሉ መለሰ፤ ዓይኑን ሳይከድን ነጋ። "ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሞልቷል፣ ጥረጊልኝ" ይለኛል። ጉንዳን የለም። በነጠላዬ ጠረግሁለት፤ ምን ላድርግ? በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ከመደቡ ወደቀና ሰውነቱ ደርቆ ይንፈራገጥ ጀመር፤ አፉ አረፋ ደፈቀ። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ። "ግዝቱ ሰይጣኑን አቃጠለው! እየለፈለፈ ሊወጣ ነው! ጠበል፣ ጠበል!" ይላሉ። እማማ ግማሽ ደስ ብሏቸው ግማሽ ፈርተው በልጃቸው ራስጌ ይሰግዳሉ። እኔ ከነሆዴ እየሮጥሁ ክሊኒክ ሄድሁ።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የጤና ረዳቱ ማለት ነው፣ ከሐረር በኩል ተመድቦ የመጣ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ እስላም ነበር። ቤታችን መጥቶ ባሌን አገላብጦ አየውና ወደ እኔ ዞረ።

"መጠጥ ያቆመው መቼ ነው?"

"ከትናንት ወዲያ።"

"ማን አስቆመው?"

"ተገዝቶ።"

"በአንድ ጊዜ?"

"ግማሽ ግዝት አለ እንዴ?" አልሁት ተናድጄ።

እሱ አልተናደደም። "እኅቴ፣ አሁን የሚገድለው አረቄው አይደለም፤ የአረቄው በድንገት መቅረት ነው" አለኝ። ሰውነቱ ለዓመታት ያን ነገር ለምዶ፣ በእሱ ተደግፎ ኖሯል፤ ድጋፉን ባንድ ጊዜ ስትነጥቁት እንዲህ ይወድቃል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል አለ። የሚያረጋጋው መድኃኒት ሞጣ ጤና ጣቢያ ነው ያለው፤ እኔ ዘንድ የለም። እዚያ እስኪደርስ ድረስ ግን እየቆያችሁ ግማሽ ግማሽ መለኪያ አረቄ ስጡት አለን።

ከዚያ እማማ ተነሡ። "አንተ ራስህ የማትነካውን ለተገዘተ ልጄ ልትግትብኝ? ሃይማኖትህ ስላልሆነ ነው?"

"እማማ፣ እኔን ሽታው ራሱ ያመኛል" አላቸው በዝግታ። "በዕድሜዬ ቀምሼው አላውቅም። ግን ልጅዎ ይሞትብዎታል።"

ባሌ ትንሽ ነቅቶ ነበርና ሰማ። መለኪያውን ሳቀርብለት ጥርሱን ነከሰ። "ተገዝቻለሁ" ይላል በጥርሱ መሃል። መንጋጋውን ይዤ ታገልሁት። ለመንሁት፣ ሰደብሁት፣ ሆዴን አሳየሁት። "ውግዝ ሆኜ አልሞትም፣ ተይኝ" አለኝ። ያን ጊዜ ሁለተኛ ያንፈራግጠው ጀመር። በሉ የነፍስ አባቱን ጥሩ፣ ያሰሩት ይፍቱት ብዬ ጮህሁ።

የነፍስ አባታችን ሽማግሌ ናቸው፤ እየተንገዳገዱ መጡ። ነገሩን ሰሙ። ድሬሰሩን "ትምላለህ?" አሉት። "በአላህ እምላለሁ፣ ያለዚህ ሞጣ አይደርስም" አለ። ሽማግሌው ወደ ባሌ ጎንበስ ብለው መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አኖሩ። "ያሰርሁህ እኔ ነኝ፤ ፈትቼሃለሁ። በሰማይ ቤት የሚጠየቀው እኔ ልሁን" አሉት። መለኪያዋንም በራሳቸው እጅ አጠጡት። ባሌ እያለቀሰ ዋጠ። እማማ ይህን ሁሉ በዓይናቸው አዩ።

እህል የጫነ መኪና ወደ ሞጣ ሲሄድ አገኘን። እሱን ጆንያው ላይ አስተኝተን እኔና እማማ ግራና ቀኝ ያዝነው። ጠርሙሱን የያዙት እማማ ናቸው። እኔ ከነሆዴ መንገዱ እያናወጠኝ መቅዳት አቃተኝ፤ እሳቸው ግን ድሬሰሩ እንዳሳያቸው ግማሽ መለኪያ ቀድተው፣ "በስመ አብ" ብለው፣ በራሱ ሥር እጃቸውን አግብተው ያጠጡታል። ጠብታ አላፈሰሱም። ግንደወይንን ስናልፍ መንቀጥቀጡ ትንሽ ሲሰክንለት ዓይናቸው እንባ ሞላ። "አቤት ያምላክ ሥራ፣ መርዙን መድኃኒት አደረገው" አሉ። እኔም አሜን አልሁ።

የሞጣ ጤና ጣቢያ ኃላፊ ጎንደር የተማረ ወጣት ጤና መኮንን ነበር፤ ሰው ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። ያን ድሬሰር ሳያየው አመሰገነው። ባሌን የሚያረጋጋ መርፌ ወጋው፣ ግሉኮስ ሰቀለለት፣ ቪታሚን ጨመረበት። ብርሃን ያለበት ክፍል አስገባውና "የሚያውቀው ሰው ከአጠገቡ አይለይ፣ አትጩኹበት፣ በገመድ አትሰሩት" አለን። አረቄው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቀረ፤ በእሱ ፈንታ መድኃኒቱን ይሰጡትና በየቀኑ እየቀነሱ ይሄዳሉ።

እነዚያን ቀናት አልረሳቸውም። ባሌ ክፍል ገብቶ የሚያስተምር መሰለው። ግድግዳውን ጥቁር ሰሌዳ አድርጎ በጣቱ ይጽፋል፣ ዞር ይልና "አንቺ ከኋላ ያለሽው፣ መልሱ ስንት ነው?" ይለኛል። ምን ላድርግ፣ ዝም ካልሁት ይናደዳል። የመጣልኝን ቁጥር እጠራለሁ። "ተሳስተሻል፣ እንደገና አስቢ" ብሎ በትዕግሥት ከመጀመሪያው ጀምሮ ያስረዳኛል። እማማ ከጥግ ሆነው "ወይኔ ልጄን፣ አብዶ እንኳ ሰው አያስቀይም" ይላሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከረጅም እንቅልፍ ነቃና እጄን ይዞ "ሞጣ ምን እንሠራለን?" አለኝ። ሞጣ መሆኑን አወቀ! በደስታ ፊቱን በጥፊ ልለው ነበር።

ልንወጣ ስንል ጤና መኮንኑ እኔንና ባሌን ቢሮው አስገባን። እማማ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ እቃችንን ይጠብቃሉ። "ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ የለም፣ እስከ ዕለተ ሞትህ" አለው። "አንዲቷ ሁሉንም ትመልሳለች።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ምናልባት ከተመለሰበት ግን እንዳለፈው በድንገት እንዳታስቆሙት። እኔ ዘንድ አምጡት" አለ። ባሌንም ትከሻውን መታ አድርጎ "አንተ መኩሪያዬ ነህ፣ በደህና ሄደህ ልጅህን አሳየኝ" አለው። እኔ ያን ጊዜ እግሩን ልስም ነበር። ዛሬ ግን እናደድበታለሁ። ምናለ እኒያን ሴትዮ ከውጭ ቢጠራቸው? ምናለ እናት መሆናቸውን ቢያስብ?

በእርግጥ እኔ ነግሬያቸዋለሁ። መኪናው እየጮኸ፣ አቧራው እያነቀን፣ ጆሯቸው ላይ ተደፍቼ "እማማ፣ ሁለተኛ አረቄ አይነካም ብሏል ዶክተሩ" አልኋቸው። "እኮ! እንዲያው መጠጣት ቀረ" አሉኝ። "ሲያመው ብቻ በመድኃኒትነት ነው።" "ኧረ በመድኃኒትነትም አይሆንም" ስል "ገባኝ፣ ገባኝ ልጄ" አሉና አማተቡ። እኔም ገባቸው ብዬ ተውሁት። ቢቸና ስንገባ ከተማው ነገሩን ቀድሞን ሰምቶታል፤ "ሐኪም አረቄ አዞለት ዳነ" ተብሎ። ይህ ወሬ በየቤቱ ዞረ። ሰው የሚያስታውሰው የገረመውን ነው።

የነፍስ አባታችንንም እንደገና ይገዝቱት ዘንድ ለመንናቸው። አሻፈረኝ አሉ። "እጄ ላይ ሊሞት ነበር። ሁለተኛ በዚህ ነገር መስቀሌን አላነሣም" አሉን። አልፈረድሁባቸውም፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ባሌ እንግዲህ ያለ ግዝት፣ በራሱ ብቻ ቆመ።

እና ቆመ! ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት ከዕድሜዬ ሁሉ የምመርጣቸው ናቸው። ቁልፉን ራሱ ይቆልፋል። መጀመሪያ የቆለፈ ዕለት ወደ እኔ መጥቶ ደረቱን ነፍቶ ቆመ፤ "ምን ልታሳየኝ ነው?" ብዬ እንዳላወቀ ሆንሁበት። የምሠራው ወጥ ጨው እንደሚበዛበት ያኔ ነው ያወቀው። "ይህን ሁሉ ዘመን እንዲህ እያበላሽኝ ነበር?" ይለኛል። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሁትን ትምህርት እንድቀጥል ብሎ ማታ ማታ ሒሳብ ያስጠናኛል። ሁዳዴን አብረን ጾመን ፋሲካን አብረን ዋልን፤ ያን ዕለት ጎረቤት የቀዳለትን ጠላ "ለእኔ ውሃ" ብሎ መለሰው። እማማ በኩራት ዙሪያቸውን አዩ።

ክረምት ሲገባ ለመውለድ እናቴ ቤት፣ የጥኖራ ወደምትባለው ከተማ ሄድሁ። የበኩር ልጅ ወግ ነው፤ ሴት እናቷ ዘንድ ትወልዳለች። እስከ መንገዱ ሸኘኝ። "ሴት ብትሆን ምላስሽን እንዳታወርሻት፣ አደራ" አለኝ። ነሐሴ ላይ ወንድ ልጅ ተገላገልሁ። መልእክቱ ሲደርሰው ገበያ መሃል ዘለለ አሉ። እኔ አራስ ሆኜ አርባ ቀን እስኪሞላ፣ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እዚያው ቀረሁ።

በዚያ መሃል ባሌ ለሥራ ወደ አባይ ቆላ ወርዶ የወባ ንዳድ ይዞት ይመለሳል። ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ ይወርዳል። እማማ ያን መንቀጥቀጥ አዩ። ያን ላብ አዩ። ከእሳቸው በቀር ቤት ውስጥ ሰው የለም፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ የሞጣ መንገድ በጭቃ ተዘግቷል። እኒያ ጠርሙስ በድንጋይ የሚፈጩ ሴት ነጠላቸውን ተከናንበው አረቄ ቤት ሄዱ። በሕይወታቸው ገብተውበት ወደማያውቁት ቤት! ገዙና መጡ። ግማሽ መለኪያ ቀዱ፣ በስመ አብ አሉ፣ በራሱ ሥር እጃቸውን አግብተው አጠጡት።

ልጄን ታቅፌ ስመለስ ባሌ ደጅ ድረስ ሮጦ ተቀበለኝ። ልጁን ሲያቅፈው እጁ አልተንቀጠቀጠም። ደስ አለኝ። ከዚያ ልስመው ፊቴን ሳስጠጋ ሸተተኝ። ዓይኔን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ። እማማ ግን ከኋላው ፊታቸው በርቶ መጡ። "አየሽ፣ ሳትኖሪ አልሞተብኝም! ያ ነገር ተመልሶበት ነበር። ዶክተሩ እንዳዘዘው ጠዋትም ማታም ሰጠሁት፣ ይኸው!" አሉኝ። ጠርሙሱን አሳዩኝ፤ ከጠበሉ ማሰሮ አጠገብ፣ ንጹሕ ጨርቅ ደርበውበት አስቀምጠውታል። ምላሴ የሚያቃጥለው እኔ ልጄን ተቀብዬ ጓዳ ገባሁ።

ብቻችንን ስንሆን ጮህሁበት። "ንዳድ መሆኑን አላወቅህም?"

"አውቄያለሁ" አለ። "በመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ አስቶኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን አውቄያለሁ። ግን እናቴ ናት፤ በስመ አብ እያለች ስትሰጠኝ… ደግሞ አንዴ ከቀመስሁት በኋላ አፌ አልታዘዘኝም።"

"እና ለምን አልነገርኻቸውም?"

"ምን ልበላት? ያዳንሽኝ መስሎሽ ገደልሽኝ ልበላት?"

ድሬሰሩ ዘንድ ሄድሁ። ራሱን ያዘ። "ንዳድ ነበር እኮ! በሁለተኛው ቀን ራሱ መጥቶ ኪኒኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ስለ አረቄው ማንም አልነገረኝም" አለ። አሁን የእማማ ግማሽ መለኪያ አይበቃውም፤ ውጭም ይጠጣል፤ ጠዋት ቁልፉን መቆለፍ አቅቶታል። ድሬሰሩም ሞጣ ሂዱ፣ ቤት እንዳታስቆሙት አለኝ። ባሌም ሳይከራከር "እሄዳለሁ" አለ።

ጥቅምት ላይ መንገዱ ደርቆ መኪና መሄድ ጀመረ። አብሬው ልሄድ ተነሣሁ። ልጁ ግን ጉንፋን ይዞት ደረቱ ያፏጫል። "ይህን ሕፃን በአቧራ ልትገድይው ነው? መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ሰውየውን አውቀዋለሁ፣ ራሴ እሄዳለሁ" አለኝ። እማማ ልሂድ አሉ፤ እንቢ አለ። ጋቢና አስገባሁት። ሸሚዙን ቆለፍሁለት። መንገድ ላይ እንዳይጥለው ብዬ በገዛ እጄ ትንሽ ጠርሙስ አረቄና መለኪያ በኮቱ ኪስ ከተትሁለት። "ጣውንትሽን አብረሽ ሸኘሽኝ?" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ዝም ብለህ ሂድና ድነህ ና" አልሁት። መኪናው ሲነሣ እጁን በመስኮት አወጣ።

ሳምንት ሙሉ ወሬ የለም። ጤና ጣቢያ ተኝቶ ነው ብለን ተጽናናን። ከዚያ የመኪናው ረዳት ከሞጣ ሲመለስ ቤታችን መጣ። "ጋሼ ሞጣ አልደረሱም፤ ግንደወይንን አለፍ እንዳልን ወረዱ። ይህን ትተው ነው የሄዱ" ብሎ ጠርሙሱን ሰጠኝ። ክዳኑ አልተከፈተም።

ቀሪውን የነገሩኝ ከዚያ አካባቢ ከጠበል የመጡ ሁለት ሴቶች ናቸው። ደጃችን ላይ ቆመው አንገባም አሉ፤ ያኔ መርዶ መሆኑን አወቅሁ። ባሌ ጤና መኮንኑን ለማየት አፍሮ ነበር። "መኩሪያዬ ነህ ላለኝ ሰው በዚህ ሁኔታዬ ምን ፊት ይዤ እቀርባለሁ?" ብሎ አንዷን አጫውቷታል። ከመንገዱ ራቅ ያለ ጠበል ሄዶ፣ የማያውቁትን አባት "ከመጠጥ ገዝቱኝ" ብሎ ለመናቸው። የፊተኛውን ታሪክ አልነገራቸውም። ገዘቱት። በሦስተኛው ቀን ጠበሉ አፍ ላይ ወደቀና ይንፈራገጥ ጀመር። ጠበልተኛው ሁሉ ሰይጣኑ ለቀቀው ብሎ እልል አለ። እልል እያሉ ሞተ። ሞጣ ከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

"አይዞሽ፣ ግዝቱን ሳያፈርስ ነው የሞተው፣ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም" አሉኝ ሴቶቹ፣ ሊያጽናኑኝ። አይ መጽናኛ! እዚያው ተቀብሮ ቆየኝ። ከተማውም ከልቡ አለቀሰልኝ፤ ግን በየለቅሶው "የፊተኛው ግዝት በመፈታቱ ነው" የሚል አለ፣ "ሰይጣኑ አንቆት ነው" የሚል አለ። ድሬሰሩ ብቻ መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ እንባውን በመሐረብ ይጠርግ ነበር።

እማማ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል በወጉ መቅመስ ትተው ነበር። አርባው ከወጣ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ልጁን ታቅፈው ደጃፍ ተቀምጠው ሳለ ጠሩኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ።"

"ይጠይቁኝ እማማ።"

"ያ በነሐሴ ያንቀጠቀጠው… ሰዎች ንዳድ ነው ይላሉ። እውነት ንዳድ ነበር?"

ፊታቸውን አየሁት። አጥንት ብቻ ሆኗል። ይህን ጥያቄ ይዘው አርባ ቀን ሙሉ ማንንም ሳይጠይቁ ብቻቸውን ሲያገላብጡት እንደነበር ገባኝ። ላለመጮኽ ከንፈሬን ነከስሁ። በውስጤ ግን አዎ፣ ንዳድ ነበር፣ ንዳድ ነበር የሚል አንድ ክፉ ነገር ይጮኻል።

"ንዳድ አልነበረም። ያው የፊተኛው ሕመም ነበር" አልኋቸው።

"ባልሰጠው ኖሮስ?"

"ያኔውኑ ይሞት ነበር። እርስዎ ባይደርሱለት ልጁን ሳያይ ይሄድብን ነበር።"

"ማይ።"

"በልጄ ሞት" አልኋቸው፤ ልጄ እቅፋቸው ላይ ተኝቶ ነበር።

እማማ በልጁ ግንባር ላይ አማተቡና "ተመስገን። እንግዲያ ልጁን አይቷል" አሉ። ያን ዕለት ትንሽ ቀመሱ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፣ የልጅ ልጃቸውን ዳዊት አስደገሙ፣ በአልጋቸው ላይ በሰላም አረፉ። እኔ ግን ሕፃኑን ለጎረቤት ትቼ አብሬው ሄጄ ቢሆን ኖሮስ ብዬ ስጠይቅ፣ "ብትሄጂም አይተርፍም ነበር" ብሎ የሚምልልኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።